ገብሱ የእኛ፣ ዘፈኑ የማን?

በጥቅምት ወር ባንድ ቅዳሜ፣ የገብሱ ዛላ ወደ ቢጫነት ማድላት በጀመረበትና የጭላሎ ራስ ከክረምቱ ደመና በተገለጠበት ወራት፣ ከአንድ የልጅነት ጓደኛዬ ጋር በአሰላ ከተማ ከረፋዱ ጀምሮ ከአንዱ መጠጥ ቤት ወደ ሌላው ስንዘዋወር ውለን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባንድ በሚያቀርበው ኮንሰርት ቀኑን ለመፈጸም ተስማማን። ነገሩን ለቤቴ ሰዎች ባወራሁ ጊዜ፣ ዕድሜዬ ወደ ስድሳ ተጠግቶ ሳለ የጎረምሳ ውሎ መዋሌን እንደ ነውር ቆጥረው የገሠጹኝ ነበሩ። እኔ ግን ውሎውን በጋዜጣ ለማቅረብ የወደድሁት በደሌን ለማስተባበል ሳይሆን፣ ከዚያ ቀን ትዝብቴ ውስጥ አሰላንና የአርሲን ደጋ ሕዝብ የሚመለከት፣ ሲነገርም ያልሰማሁት አንድ ጉዳይ በማግኘቴ ነው።

መጀመሪያ የገባንበት ቤት፣ በደጁ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት የጠላ ቤት ነበር። ጓደኛዬ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እማማ እያለ የሚጠራቸው አሮጊቷ ባለቤት፣ በአራት ሰዓት ከተፍ ማለታችንን አይተው፣ «ምነው ልጆቼ፣ ፀሐይዋ እንኳ ሳትሞቅ?» ብለው ሳቁብን። ጓደኛዬ ማምሻውን ኮንሰርት እንደምንገባ ሲነግራቸው፣ ኮንሰርት ማለት ምን እንደ ሆነ ጠይቀው፣ በሜዳ ላይ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ዘፈን የሚሰማበት፣ መጠጥም የሚጠጣበት መሆኑን ከተረዱ በኋላ፣ «ታዲያ ደጋሹ ማነው?» አሉ። በዚያ ሰዓት ጥያቄው አሳቀን እንጂ አላሳሰበንም።

የእኒህ ሴት ጠላ የሚጠነሰስበትን ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው፣ አሰላ ላይ ተቀምጦ ጠላ መጠጣት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ገብሱ በውኃ ይነከራል፤ በቅጠል ተሸፍኖ እስኪያጎነቁል ድረስ ይከርማል፤ ከዚያም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ብቅል ይባላል። ጌሾው ተወቅጦ ይጠነሰሳል፤ አሻሮው ተቆልቶና ተፈጭቶ በእንኩሮ መልክ ይገባል፤ ድፍድፉም በጋኑ ውስጥ ቀኑን ቆጥሮ ይበስላል። እንግዲህ በዚችው ከተማ ያለው፣ በደርግ ዘመን የተሠራው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ በትልልቅ ገንዳዎችና በትኩስ አየር የሚያደርገው ሥራ፣ በመሠረቱ እማማ በቅጠልና በፀሐይ ከሚያደርጉት የተለየ አይደለም። ልዩነቱ የፋብሪካው ብቅል በጭነት መኪና ተጭኖ ከከተማዪቱ ሲወጣ፣ የእማማ ብቅል ግን እዚያው ጋናቸው ውስጥ መቅረቱ ነው።

ይህን ማለቴ ስለ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ስለ ገብሱ ጥቂት ልጨምር። አርሲ ለኢትዮጵያ የቢራ ፋብሪካዎች ዋና የገብስ አገር ሆና ከቆየች ብዙ ዘመን ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ስዊድኖች ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተስማምተው፣ ካዱ በሚል አኅጽሮት የሚታወቀውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ባቋቋሙ ጊዜ፣ የተመረጠ ዘርና ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ደጅ ደረሰ፤ ከጎኑም የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያ ስንዴውንና ገብሱን ሲመረምር ኖረ። (የዚያ ልማት በረከት ብቻ እንዳይወራ፣ ትራክተሩ በገባ ጊዜ ባለ ርስቶች ጭሰኛውን ከመሬቱ ማፈናቀላቸውንም አብሮ ማስታወስ ይገባል።) ሆልከርና ቤካ የሚባሉት የቢራ ገብስ ዓይነቶች በጢዮ፣ በዲገሉና ጢጆ፣ በሌሙና ቢልቢሎ ገበሬ አፍ ውስጥ እንደ ልጅ ስም የሚጠሩ ናቸው። ጠማቂው የሚፈልገው ገብስ ፍሬው የወፈረ፣ ፕሮቲኑ ግን ያነሰ ነው። የአርሲ እናቶች በቅቤ አሽተው ጩኮ የሚሠሩበት፣ በሶውም ቅንጬውም የሚሆነው የምግብ ገብስ ሌላ ነው። ስለዚህ ገበሬው አንዱን ማሳ ለልጆቹ ጉሮሮ፣ ሌላውን ማሳ ለማያውቃቸው ሰዎች ጉሮሮ ሲዘራ ይኖራል። ለማያውቃቸው የዘራው ገብስ ብቅል ሆኖ ይሄዳል፤ ቢራ ሆኖ፣ በጠርሙስ ታሽጎ፣ የሌላ አገር ስም ተለጥፎበት፣ ዋጋው እጅግ ተወዶ ወደ አሰላ ይመለሳል። ይህን እንደ በደል አልቆጥረውም፤ የንግድ ጠባይ ነው። ዘፈኑም እንዲሁ በጭነት መኪና መጥቶ በጭነት መኪና ሲመለስ ሳይ ግን ነገሩ አልዋጥ አለኝ።

ከጠላው ቤት ወጥተን ወደ አንድ ግሮሰሪ ገባን። ለወጣቱ አንባቢ ባላስረዳ ቅር እንዳይለው እንጂ፣ ግሮሰሪ በእኛ አገር ሸቀጥ የሚሸጥበት ሳይሆን፣ አራት ጠረጴዛና አንድ የድራፍት ማሽን ያለው፣ ጠጪው ከባለቤቱ ጋር በስም የሚጠራራበት ትንሽ መጠጥ ቤት ነው። ጓደኛዬ ጃምቦ፣ እኔም ጃምቦ አዘዝን። በግድግዳው ላይ የአሰላ ተወላጅ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር፤ ከበቆጂም እነ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ መውጣታቸውን እያነሣን፣ ይህን ያህል ሯጭ ባፈራ ምድር እኛ ከጠላ ቤት እስከ ግሮሰሪ ያለችውን መንገድ ለመፈጸም ሃያ ደቂቃ መፍጀታችንን ታዝበን በራሳችን ሳቅን።

በዚያ ቤት ድምፅ ማጉያ የጃኖ ባንድ ዘፈን ይሰማ ነበር። ጃኖ በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ «ኤርታሌ» የሚለውን አልበሙን ያወጣ፣ ቢል ላስዌል የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ ፕሮዲዩሰር የረዳው፣ በኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸትና በአገራችን ቅኝት መካከል ጋብቻ ያስፈጸመ የሮክ ባንድ ነው። ስሙን የወሰደው ባለ ቀይ ጥለት ከሆነው የአባቶቻችን ልብስ ነው። አንድ እንግዳ ነገር በዚያ ወንበር ላይ ሳለሁ ወደ ልቡናዬ መጣ። ኤርታሌ እሳቱ ያልጠፋ ተራራ ነው፤ በመስኮቱ በኩል የሚታየኝ ጭላሎ ደግሞ ጥንት እሳት ይተፋ የነበረ፣ ዛሬ ግን አስታና ደን ለብሶ፣ በጎኑ ገብስ ተዘርቶበት ዝም ያለ እሳተ ገሞራ ነው። የነደደው ተራራ ስም በቀዘቀዘው ተራራ ሥር ሲዘፈን መስማት ለእኔ ካዘዝሁት ጃምቦ ይልቅ የሚያሰክር ሆኖ አገኘሁት።

የሮክን ሙዚቃ የሚነቅፉ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ጩኸት ነው፣ የባዕድ ነው፣ የኛ ጆሮ አይቀበለውም ይላሉ። ለዚህ ነቀፌታ መልስ ለመስጠት ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልገኝም። በልጅነቱ ማኅሌት የቆመ ሰው፣ ዜማው በቁም ጀምሮ፣ በዝማሜ መቋሚያው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዘመመ፣ በመረግድ ከበሮው እየተነሣ፣ በጽፋት እጅና እግር ሁሉ አንድ ልብ ሆኖ ሲፋጠን፣ መሬቱ ከእግሩ በታች ሲንቀጠቀጥ ያውቀዋል። ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሠራውን ሰማያዊ ዜማ ከምድራዊ ዘፈን ጋር ላነጻጽር አልዳዳሁም፤ ያንን የሚያደርግ ድፍረት አያድርስብኝ። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚጀምርና እየጋለ ሄዶ በመጨረሻ ከበሮው የሰውን ደረት የሚመታበት ሥርዓት ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የአርሲ ጎረምሶች ዱላቸውን አንሥተው፣ ዜማውን አንዱ እየመራ ሌላው እየተቀበለ፣ በአንድ ጊዜ ከመሬት ተነሥተው በአንድ ጊዜ ሲያርፉ ያየ ሰውም ይህንኑ ይመሰክራል።

ከመጠጥ ቤት ወደ መጠጥ ቤት መዞሩም ቢሆን፣ ወጣቶች ከባሕር ማዶ ያመጡት ልማድ ነው እያሉ የሚያማርሩ አሉ። እኔ ግን የጽዋ ማኅበር የሚጠጣ ቤተሰብ ልጅ ነኝ። ማኅበሩ በየወሩ ከአንዱ ማኅበርተኛ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል፤ ጽዋውም አብሮ ይዞራል፤ የዛሬው እንግዳ የነገው ደጋሽ ነው። ልዩነቱ በዚያ ዙር ሁሉም ሰው ተራው ሲደርስ ደጋሽ መሆኑ፣ በዚህ ግን ሁልጊዜ ከፋይ፣ መቼም ደጋሽ አለመሆኑ ነው። የእማማ ጥያቄ እንደ እሾህ መውጋት የጀመረኝ በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለሁ ነበር።

በስምንት ሰዓት ገደማ አንድ የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛችን ተቀላቀለን። እርሱ ሙስሊም ነው፤ መጠጥ አይነካም። ከአርሲ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው ሙስሊም መሆኑን፣ ከክርስቲያኑም ወገን መጠጥን የማይቀምሱ ብዙ መሆናቸውን ስለማውቅ፣ በሱ መምጣት የውሏችንን መንገድ ለወጥን። ወደ አንድ ቡና ቤት፣ ቀጥሎም ስፕሪስ ወደሚቀርብበት ቤት ገባን። የሚያስደንቀው ነገር ጨዋታው አለመቀዝቀዙ ነው። እንዲያውም ከሁለት ጃምቦ በኋላ የሚመጣውን፣ ሁሉም ተናጋሪ ማንም አድማጭ የማይሆንበትን ሰዓት ዘለልነው። አንድ ከተማ ለሙዚቃ የሚሆን ቀን ቢያስብ፣ የማይጠጣውን ዜጋ በደጅ የሚያቆም ድግስ ግማሽ ድግስ መሆኑን ያን ዕለት ከወዳጄ ተማርሁ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ይጀመራል ወደ ተባለው ኮንሰርት ከአሥር ሰዓት ቀደም ብለን ደረስን። ስለ ዝግጅቱ አድራጊዎች ስም አላነሣም፤ ጥፋቱም የነሱ ብቻ አይደለም፤ በመላ አገሪቱ የተለመደ ነው። ሜዳው ላይ መድረኩ ቆሟል፤ ድምፅ ማጉያዎቹ እንደ ግንብ ተደራርበዋል፤ ከዩኒቨርሲቲው የመጡ ተማሪዎች፣ የባጃጅ ነጂዎች፣ ከኢተያና ከሳጉሬ በሚኒባስ የመጡ ወጣቶች ተሰልፈዋል። አሥር ሰዓት አለፈ፤ አሥራ አንድ ሆነ፤ ፀሐይ ከዝዋይ ሐይቅ ማዶ ስትጠልቅ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ እንደ ልማዱ መጣ። መድረኩ ላይ አንድ ወጣት በየሩብ ሰዓቱ «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» እያለ ማይክራፎን ከመሞከር በቀር ሌላ ነገር አልነበረም። በግቢው ውስጥ የሚሸጠው ቢራ ብቻ ነው፤ ሻይ የለም፣ ዳቦ የለም፣ የሚቀመጡበት የለም። ተጫዋቾቹ የወጡት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

እዚህ ላይ በሰባክያንም በባለሥልጣናትም ዘንድ ተደጋግሞ የሚነገረውን አንድ አስተያየት እቃወማለሁ። ሕዝቡ፣ ይልቁንም ወጣቱ፣ ጠጪ ስለ ሆነ ኮንሰርት ሁሉ ስካርና ጠብ ይሆናል ይላሉ። በዐይኔ ያየሁት የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ከአሥር ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ሙሉ በብርድ የቆመ፣ ከቢራ በቀር የሚገዛ ያጣ ወጣት፣ ጠጪ ሆኖ ባይመጣ እንኳ ጠጪ ሆኖ ይመለሳል። መዘግየቱ ራሱ ነው መጠጡን የሚሸጠው። አንድ ሰው ሆነ ብሎ ይህን ዘዴ ፈጠረ አልልም፤ ነገር ግን ድግሱ የመጠጥ ሻጭ በሆነ ጊዜ፣ ዘፈኑ በሰዓቱ እንዲጀምር የሚቸኩል ባለቤት አይኖረውም።

ይህ እንዴት እንደ መጣ ጥቂት ወደ ኋላ ሄደን ብናይ መልካም ነው። በጥንቱ ሥርዓት የዘፈኑ ደጋሽ የታወቀ ሰው ነበር፤ ሠርጉ የሚደገስለት አባት፣ ግብሩን የሚያበላ መኰንን፣ ወይም ማሲንቆ ተጫዋቹን በግንባሩ ላይ ብር ለጥፎ የሚሸልም ተራ ጠጪ። አዝማሪው ደጋሹን ያወድሳል፤ ወርቁን በሰሙ ሸፍኖም ይነቅፈዋል፤ ደጋሹ እዚያው ፊት ለፊቱ ስለ ተቀመጠ ነቀፋውን ይሰማል። በኋላ መንግሥት ደጋሽ ሆነ። አገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች እነ ጥላሁን ገሠሠን የመሰሉ ድምፃውያንን ለአገሩ አስተዋወቁ። ደርግ በመጣ ጊዜ ደግሞ በየአውራጃው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ለአብዮቱ ይዘፍን ነበር፤ ሰዓት እላፊውም የከተማዎችን ሌሊት ለብዙ ዓመታት ዘጋው። መንግሥት ደጋሽ ሲሆን ዘፈኑ ለማን እንደሚያድር ማንም ያውቃል።

ሰዓት እላፊው ከተነሣና ንግዱ ከተፈታ በኋላ ደጋሽነቱን የቢራ ፋብሪካዎች ወረሱት። ይህ ዘመን ድምፃውያንን እንደ ጠቀመ አልክድም፤ መድረክ ሠራላቸው፣ ገንዘብም ሰጣቸው፤ አዲስ አበባን ብቻ ያውቅ የነበረውን ኮንሰርት ወደ ክፍለ ሀገር አደረሰው። ነገር ግን ደጋሹ ሩቅ በሆነና ጉዳዩ ሽያጭ ብቻ በሆነ ጊዜ ምን እንደሚከተል በ2006 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. ከገዛቸው ፋብሪካዎች አንዱ የሆነው በደሌ ቢራ፣ ከቴዲ አፍሮ ጋር ተዋውሎ በአገሪቱ ሊያዞረው ያሰበው የኮንሰርት ጉዞ፣ ድምፃዊው ለአንድ መጽሔት ተናገረው በተባለና እርሱ ግን አልተናገርሁም ባለው ቃል ምክንያት፣ በኦሮሞ ወጣቶች ዘንድ ቁጣ ተነሥቶ ቢራው አይጠጣ የሚል ዘመቻ ስለ ተከፈተ፣ ፋብሪካው ከውሉ ወጣ። በዚያ ክርክር የትኛው ወገን ልክ ነበር የሚለውን አሁን ለመዳኘት አልነሣሁም፤ ቁስሉ ለብዙዎች፣ እዚህ አርሲም ውስጥ ጭምር፣ ገና ትኩስ ነው። የታዘብሁት ሌላ ነገር ነው። አንድ ዘፈን ለአንዱ ወገን ደስታ፣ ለሌላው ኀዘን በሚሆንበት አገር፣ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሊነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ፣ በጠርሙስ ሽያጭ ሚዛን ተመዝኖ ተዘጋ። የሠርጉ አባት ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም እንግዶች ጠርቶ ያስታርቅ ነበር፤ ፋብሪካው ግን ድንኳኑን አጥፎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወጣ፤ የመጠጥ መግዣውን ዕድሜ ወደ 21 ዓመት ከፍ አደረገ፤ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ዝግጅት በመጠጥ ስም ስፖንሰር ማድረግንም ከለከለ። ብዙ የሙዚቃ ሰዎች አዋጁን እንደ መርዶ ተቀበሉት። እኔ ግን፣ ቢራ የሚጠጣና ቢራ ሲጠጣ የዋለ ሰው ሆኜ፣ ይህ አዋጅ ለሙዚቃ መልካም ዕድል ነው እላለሁ። ደጋሹ ሄዷል፤ ወንበሩ ባዶ ነው፤ በወንበሩ ላይ ሊቀመጥ የሚገባው ደግሞ ከፋዩ አድማጭ ነው። ችግሩ ፋብሪካው ከመድረኩ ስሙን አንሥቶ ሲሄድ፣ የፋብሪካው ዘመን ልማድ፣ ማለት መዘግየቱ፣ ብርዱ፣ ከቢራ በቀር የሚሸጥ አለመኖሩ፣ እንዳለ መቅረቱ ነው። ደጋሽ የሌለው የደጋሽ ቤት ሆነብን።

ስለ ባንዱ ፍትሕ ላድርግ። በመጨረሻ በወጡ ጊዜ ሁለቱ የመጀመሪያ ዘፈኖች በድምፅ ማጉያው ብልሽት ጠፉ፤ ሦስተኛው ላይ ግን ጊታሪስቱ ብቻውን ቀርቶ፣ አንቺ ሆዬን በዚያ በሚያቃጥል የኤሌክትሪክ ድምፅ ቀስ እያለ ጀመረ። ከኋላችን ከሳጉሬ የመጡት ወጣቶች ዱላ አልያዙም እንጂ፣ ዱላ እንደያዙ ሆነው በአንድነት ይዘሉ፣ በአንድነት ያርፉ ጀመር፤ ያረፉበትም ድምፅ ከከበሮው ጋር ሳይሆን ከከበሮው ቀደም ብሎ ይወድቅ ነበር። የከበሮው መቺ ይህን ሰምቶ ፈገግ አለና አመታቱን ወደ እነርሱ ለወጠ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወይም ለአራት ደቂቃ ያህል መድረኩ የት እንደ ሆነ፣ ሜዳው የት እንደ ሆነ መለየት አልተቻለም። የማይጠጣው ወዳጃችን ከሁላችንም በላይ ዘለለ። ለዚያች አራት ደቂቃ አምስት ሰዓት መቆሜ አልቆጨኝም፤ ሆኖም አምስት ሰዓት ሳልቆም ባገኛት ምን ነበረበት?

እንግዲህ የማስበውን ልናገር። አሰላ የራሷ የሙዚቃ ቀን ትኑራት፤ ቀኑም ቀን ይሁን። በሰባት ሰዓት ተጀምሮ አሥራ ሁለት ሳይሞላ ያልቅ። የጭላሎ ብርድ ከመውረዱ በፊት ሕዝቡ በእግሩ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከኢተያና ከበቆጂ የመጣውም በጨለማና በስካር ሳይጓዝ ሚኒባሱን ያገኛል። ወራቱን በሚመለከት እኔ የምመርጠው ከጥምቀት ቀጥላ ያለችውን ቅዳሜ ነው። ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ የገበሬው እጅ ገንዘብ የያዘበት፣ ክርስቲያኑ ከገና ጾም ወጥቶ ዐቢይ ጾም ያልያዘበት፣ ቃና ዘገሊላ የሚታሰብበትና ሠርግ የሚበዛበት ሰሞን ነው፤ ረመዳን ወደዚያ ወራት በሚጠጋበት ዓመት ግን ከሙስሊም ወንድሞቻችን ጋር ተማክሮ ቀኑን ማዛወር ይገባል። በሜዳው ዙሪያ ጠላ የሚጠምቁት እናቶች፣ ቡና የሚያፈሉት፣ ጩኮና እርጎ የሚያቀርቡት ሁሉ ቦታ ይኑራቸው። ከእንግዳው ባንድ በፊት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና የአካባቢው ጌራርሳ አዋቂዎች ይውጡ፤ እንግዳውም ቀድሞ መጥቶ ይስማቸው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ጓደኛዬም በዚያው ምሽት ወደ ቤት ስንመለስ አንሥቶብኛል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ስመ ጥር ድምፃዊ የሚጠይቀው ክፍያ የአሰላ ሕዝብ በመግቢያ ወረቀት ብቻ ሊሸፍነው የማይችል ነው አለኝ። እንግዲያውስ ስመ ጥሩን ትተን ያልታወቀውን እንጥራ አልሁት። ድግሱ አንሶ የራሳችን ቢሆን፣ ተልቆ የሰው ከሚሆን ይሻለኛል፤ እናቶቻችን በአንድ ጋን ጠላ ማኅበር ሲያወጡ ኖረዋል። የገበሬው ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ለዓመታት ለቢራ ገብስ ሲያቀርቡ የኖሩ ናቸውና፣ በዓመት አንድ ቀን ለገብሱ አገር ልጆች ሜዳ ማስተካከያና ድንኳን ቢረዱ፣ የአልኮል አምራች ስላልሆኑ አዋጁም የሚከለክላቸው አይመስለኝም። ጓደኛዬ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አንተ ሁልጊዜ ለሌላው ሰው ድግስ ታወጣለህ» አለኝ። ልክ ሳይሆን አልቀረም።

በማግሥቱ እሑድ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ራሴን ከፍሎኝ ሳለ ጓደኛዬ እየጎተተ ወደ እማማ ቤት ወሰደኝ። እሳቸው ነጠላቸውን እንደ ለበሱ ምጣዳቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ዘፈኑን ከቤታቸው ሆነው እንደ ሰሙት፣ ይኸውም ቃሉን ሳይሆን «ዱም፣ ዱም» የሚለውን ብቻ እንደ ሰሙ፣ ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው ሥዕል ሲርገበገብ እንዳደረ ነገሩንና፣ «ደጋሹ ታወቀ?» አሉ። ጓደኛዬ መልስ አጥቶ፣ ከኪሱ የመግቢያውን ወረቀት አውጥቶ ሰጣቸው። ማንበብ ስለማይችሉ አገላብጠው አዩት፤ በጣታቸውም ወፍራም መሆኑን ዳሰሱት። ከዚያም ጠቅልለው አጠበቁትና፣ ለኛ ሊቀዱልን ካነሡት የአረቄ ጠርሙስ ላይ የተቀደደውን የድሮውን ውታፍ አውጥተው ጥለው፣ ወረቀቱን በምትኩ ወተፉበት።